ማንም ያልጠጣው አረቄ

እኔ ነገር ቶሎ የማምን ሰው አይደለሁም። እናቴ «ያልጠረጠረ ተመነጠረ» እያለች ነው ያሳደገችኝ፤ ዲላ ገበያ ስንወጣ እንቁላሉን አንድ በአንድ ጆሮዋ ሥር ሳትነቀንቅ አትገዛም ነበር። ያም ሆኖ እዚሁ ዲላ የኬሚስትሪ ተማሪ ሳለሁ፣ መምህራችን «ሃምሳ ሚሊ ሊትር አልኮልና ሃምሳ ውሃ ቀላቅላችሁ ስንት እንደሚሆን ጻፉ» ሲለን፣ ገና ሳልቀላቅል መቶ ብዬ ጻፍኩ። ይሄ ደግሞ ምኑ ይለካል ብዬ ነው።

መጀመሪያ የሰጠን ሌላ ጥንድ ነበር፤ ሄክሴንና ሄፕቴን የሚባሉ፣ ከነዳጅ የሚወጡ ሁለት ፈሳሾች። የአንድ እናት ልጆች ናቸው ማለት ይቻላል። ሃምሳና ሃምሳ ሲገናኙ ድምራቸው መቶ፤ አልሞቁ፣ አልቀዘቀዙ፣ አንዱ መምጣቱን ሌላው ያወቀም አይመስልም። መምህራችን «ይሄ አይዲያል ድብልቅ ይባላል። የተደመረው ልክ እንደ ድምሩ የሚሆንበት ማለት ነው። እንዲህ ያለ ብዙ አታገኙም» አለን። ነገር ሲያስረዳ ዐይኑን ይጨፍናል፤ ጥያቄ የሚጠይቀውን ሰው እንኳ በድምፁ ነበር የሚለየው።

አልኮሉንና ውሃውን ሳገናኝ ግን ከመቶው መስመር በታች ቆመ። አፍስሼ ነው ብዬ ጠረጴዛውን ዳሰስኩት፤ ደረቅ ነው። አጠገቤ የነበረችውን ልጅ «አንቺ ነሽ የነካሽብኝ» ብዬ ተጣላኋት፤ ለካ የሷም ጎድሏል። እንደገና ለካሁ፤ እንደገና ጎደለ። መለኪያውን በእጄ ስይዘው ደግሞ ሞቋል። እሳት የለ፣ ፀሐይ የለ፤ ሁለት ቀዝቃዛ ነገሮች ተገናኝተው ሞቁ። ልጅቷ ትስቃለች፣ እኔ ግን መለኪያውን ከእጄ ማስቀመጥ አቃተኝ።

ይህን ጉድለት አውቀዋለሁና ነው። በጀርባዋ አዝላ ያሳደገችኝን ሴት ሌባ አሰኝቶ ከቤታችን ያስወጣት ይኸው ጉድለት ነው።

እናቴ በሞያሌው አስፋልት ዳር አረቄ ቤት ነበራት። የጀመረችው ብቻዋን አይደለም፤ ከጨለለቅቱ ከመጣች አንዲት የጌዴኦ ሴት ጋር ነው። እኔ እትዬ እላታለሁ፤ ሌላ ስም ያላት አይመስለኝም ነበር። የእትዬ አማርኛ ሴትና ወንድ አይመርጥም፤ እናቴን «መጣህ እንዴ?» ስትላት፣ እናቴ «መጣሁ እቴ» ትላታለች። ሁለቱ ተጣልተው አያድሩም ነበር። ከአንድ ጫፍ ቆርሰው ነው የሚበሉት።

አረቄውን እኛ አናወጣውም። የፋብሪካ አልኮል በጀሪካን ተጭኖ ይመጣል፤ እንዲሁ ቢጠጡት ጉሮሮ ይልጣል። ከውሃ ጋር እኩል በእኩል ይቀላቀላል፣ እንስላል ይገባበታል፣ ያድራል። ሥራው በሦስት ሰው እጅ ያልፍ ነበር። ሲመሻሽ እትዬ ጓዳ ገብታ አልኮሉን በጆግ እየለካች በባዶ ጀሪካን ትጨምርና ወደ ጠጪዎቹ ትመለሳለች። ቀጥሎ ውሃ የሚቀዳልን ጎረምሳው ወንድሟ ገብቶ ያንኑ ያህል ጆግ ውሃ ይጨምርበትና ይከድነዋል። ጠዋት እናቴ ወደ ጠርሙስ ትገለብጠዋለች። ጀሪካኑ ሲያልቅ የመጨረሻው ጠርሙስ አይሞላም። አንድ ቀን አይደለም፤ ሁልጊዜ።

እናቴ መጀመሪያ ዝም አለች። ቀጥላ ጆጉን ቀየረች። ቀጥላ ጀሪካኑን ውሃ ሞልታ ያፈስስ እንደሆነ አንድ ቀን ሙሉ አንጠለጠለችው፤ ጠብ አላለም። የጓዳው ቁልፍ ያለው ደግሞ እትዬ ጋ ነው። የእናቴን ጠባይ የሚያውቅ የመጨረሻውን ያውቀዋል፤ አንድ ቀን በጠጪ ፊት «ሌባ ላመሉ ዳቦ ይልሳል» አለቻት። እትዬ የያዘችውን ብርጭቆ ቀስ ብላ አስቀመጠች።

ሽማግሌ ተቀመጠ። እትዬ «እኔ ከወሰድኩ ዐይኔ ይጥፋ» ብላ ማለች። ከሽማግሌዎቹ አንዱ «ወንድምሽስ?» ሲሏት፣ «ወንድሜን አታንሱብኝ» ብላ መሬት መሬት አየች፤ ከዚያ ወዲያ አንድ ቃል አልወጣትም። ሽማግሌዎቹ እንደ ሽማግሌ ወግ «በሉ ይቅር ተባባሉ» አሉ። እናቴ «ያልተገኘ ነገር ይቅር አይባልም» ብላ ነጠላዋን አጣፍታ ተነሣች። በማግስቱ እትዬ ቁልፉን ባንኮኒው ላይ አስቀምጣ ወደ ጨለለቅቱ ሄደች። ወንድሟም ወጣ፤ አብሯት የሄደ መስሎን ነበር፤ በኋላ ሞያሌ ነው ያለው አሉ።

ከዚያ በኋላ እናቴ ቅልቅሉን እርግፍ አድርጋ ትታ ቢራ ብቻ መሸጥ ጀመረች። «የእንስላሉን ልክ የምታውቀው እሷ ናት» ትላለች እንጂ፣ እኔ እንደሚመስለኝ ጓዳው አስጠልቷት ነው። ባትተወው ኖሮ እኮ እውነቱን በሳምንቱ በገዛ እጇ ታገኘው ነበር። ይህን ሳስብ ዛሬም ያናድደኛል።

አባቴ ሲሞት እትዬ ለቅሶ መጣች። ከድንኳኑ ውጭ ቆማ አልቅሳ፣ ውሃ እንኳ ሳትቀምስ ተመለሰች። እናቴ አይታታለች፤ ግን ቀና አላለችም። ያን ቀን እኔ ያለቀስኩት ለአባቴ ብቻ አልነበረም።

እንግዲህ ያንን የሞቀ መለኪያ ይዤ ቆሜ የማስበው ይህን ሁሉ ነው። መምህራችንን «የጎደለው የት ሄደ?» አልኩት።

ዐይኑን ጨፈነ። «ባቄላ በሞላው ቁና ላይ ጤፍ ብታፈስሺበት ምን ይሆናል?»

«በመሐሉ ይገባል።»

«በመሐሉ ይገባል። ግን ይሄ ለልጅ የሚነገር ነው፤ የነዚህ ነገር ከዚህም ይረቃል። ሲገናኙ ይጠጋጋሉ፣ ይሞቃሉ፤ ፍቅር ነው ትያለሽ። እሳት ላይ ስትጥጃቸው ደግሞ አንዱ ሌላውን ወደ ላይ ይገፋዋል፤ አይዲያል ቢሆኑ ከሚተኑት በላይ ይተናሉ፤ ጠብ ነው ትያለሽ። ሁለቱም እውነት ነው።» ዐይኑን ገለጠና «ምነው ፊትሽ ጠፋ?» አለኝ። ደብተሬን ሰብስቤ ወጣሁ።

ወደ ቤቴ ባጃጅ አልያዝኩም፤ በእግሬ ነው የሄድኩት። ዝናብ ጥሎ ነበር። የጎርፉን ውሃ፣ ማደያው በር ላይ የፈሰሰውን ናፍጣ፣ ጁስ ቤቱ መስታወት ውስጥ በየቀለሙ የተደረደረውን ጭማቂ፣ ሁሉን እየቆምኩ አየሁት። ስንት ዓመት ያየሁት ነገር ነው፤ ያን ቀን ግን ሁሉም የየራሱን ሕግ ተሸክሞ ዝም ያለ መሰለኝ። ማንም ሳያዛቸው፣ ማንም ሳያያቸው፣ በኛ ጓዳ በጨለማ ሲጠጋጉና ሲሞቁ ያድሩ ነበር ማለት ነው። እኛ ደግሞ ጠዋት ተነሥተን ሌባ እንፈልጋለን። እንባዬ መጣ፤ ደስታ ይሁን ሐዘን ለይቼ መናገር አልችልም።

ለእናቴ ነገርኳት። ቲማቲም እየከተፈች ነበር፤ ቢላዋው አልቆመም።

«ትምህርቱ የሌባ ጠበቃ አደረገሽ?»

«እማዬ፣ በዐይኔ ነው ያየሁት።»

«እኔም በዐይኔ ነው ያየሁት፤ ጎዶሎ ጠርሙስ።» የከተፈችውን ወደ ሳህኑ ገፋ አደረገችና «ካልጠፋ መልሰሽ አምጪዋ። ውሃውን ለብቻ፣ አልኮሉን ለብቻ አድርገሽ አምጪልኝ። ሁለቱም ሙሉ ሆነው ካየኋቸው፣ ያኔ አምናለሁ» አለች።

ይቺማ ምን አላት አልኩ። መምህራችንን ለምኜ የአልኮል ማፍያውን ዕቃ አስፈቀድኩ። ሃምሳ በሃምሳውን ድብልቅ እሳት ላይ ጣድኩት፤ እንፋሎቱ በቀዝቃዛው ቱቦ እየወረደ ጠብ ጠብ ይላል። ቴርሞሜትሩ ወጣ ወጣ አለ። የመጀመሪያው ጠብታ ከድብልቁ የጠነከረ ነው፤ አልኮሉ ቀድሞ ይወጣላ። የወጣውን ሰብስቤ እንደገና አፈላሁት፣ የዚያንም እንደገና። ባፈላሁት ቁጥር ይጠነክራል። እኔ ደግሞ ልቤ አበጠ፤ ነገ እናቴ ፊት ሁለት ሙሉ ጠርሙስ አቆማለሁ እያልኩ ነው።

ከዚያ እምቢ አለ። ቴርሞሜትሩ አንድ ቦታ ላይ ቀጥ ብሎ ቆመ፤ መጽሐፉ ሰባ ስምንት ግድም ይላል፤ ዲላ ከፍ ያለ አገር ስለሆነ እኛ ጋ ከዚያ ዝቅ ብሎ ነው የሚቆመው። አልኮሉም አንድ ቦታ ላይ ቆመ፤ ከመቶው አራት አምስት እጅ ውሃ አለበት። እንደገና አፈላሁት፤ ያው ነው። ምድጃውን ከፍ አደረግኩ፤ ቶሎ ፈላ እንጂ ያው ነው። ዝቅ አደረግኩ፤ ያው ነው። ንዴቴ መጣ፤ ከአንድ ጭላጭ ውሃ ጋር ነው እልህ የተጋባሁት።

መምህራችን ከኋላዬ መጥቶ ቆሞ ኖሯል። «አትድከሚ» አለኝ። «አዜዮትሮፕ ይሉታል። እዚህ ልክ ላይ ሲደርሱ የሚፈላውም የሚተነውም አንድ ዓይነት ነው፤ ያኛው ቀድሞ ይሄኛው ተከትሎ የሚባል ነገር ቀረ። እንደ አንድ ፈሳሽ ይወጣሉ። በሌላ ዘዴ ይለያያሉ፤ እንዲህ በማፍላት ብቻ ግን አይሆንም። ፋብሪካውም ሲያፈላ እዚሁ ላይ ነው የሚቆመው።»

እናቴ ስትገዛው የኖረችው «ንጹሕ» አልኮል ይህችን ውሃ ይዞ ነበር የሚመጣው ማለት ነው። በየትም አገር፣ በየትኛውም ፋብሪካ፣ እሳቱን የፈለገ ሰው ይቆስቁሰው፣ በዚህችው ልክ። ወንበር ስቤ ተቀመጥኩና ቴርሞሜትሩን ማየት ጀመርኩ። ምንም የሚታይ ነገር የለውም፤ የቆመ መስመር ነው። እኔ ግን ቤተ መቅደስ ውስጥ የቆምኩ ያህል ድምፄን ማሰማት ፈራሁ። ይህን ልክ ማን አሰመረው? እኔ የማውቀው ልክ ሁሉ ሰው የሚከራከርበት ነው፤ የጆግ ልክ፣ የእንስላል ልክ፣ የይቅርታ ልክ። ይሄኛው ማንንም አይጠይቅም።

«አልቻልኩም» አልኳት እናቴን። ሳቀችብኝ፤ ስትስቅ ደግሞ አንጀት ታሳርራለች።

«እንግዲያው አንቺው ቀላቅዪው» አልኳት። «በገዛ እጅሽ፣ በገዛ ጆግሽ። ሚዛንም እናምጣ።»

ሚዛን ሲባል ሳቋን አቆመች። እናቴ ሰው አታምንም፤ ሚዛን ግን ታምናለች።

ከቡና ነጋዴው ጎረቤታችን የሚንጠለጠለውን ሚዛን ተዋስን፣ አልኮል ገዛን። ቅዳሜ ረፋድ ነው። እኔን በረንዳ ላይ አስቀምጣ «እጅሽን ጭንሽ ላይ አድርጊ፤ እንዳትጠጊኝ» አለችኝ። መጀመሪያ ጀሪካኑን በውሃ ብቻ፣ በጆግ እየለካች እስከ አፉ ሞላችው፤ ስንት ጆግ እንደሚይዝ አወቀች። ደፋችው። ከዚያ ከጆጎቹ ቁጥር ግማሹን አልኮል፣ ግማሹን ውሃ ለካች፤ ሁለቱንም በየጀሪካናቸው በሚዛኑ ላይ አንጠልጥላ ክብደታቸውን ያዘች። ከዚያ አገናኘቻቸው።

የመጨረሻውን ጆግ ስትጨምር አፉ ላይ አልደረሰም።

ጆጉን አየችው። ጀሪካኑን አነሣችና ሥሩን በመዳፏ ዳበሰች፤ ደረቅ ነው። ጎኑን ነካችው። «ሞቀ» አለች ለራሷ። ባዶውንም ሙሉውንም አንድ ላይ አንጠልጥላ መዘነች፤ ሚዛኑ ቅድም የነበረበት ላይ ሄዶ ቆመ። አውርዳ ደግማ ሰቀለችው። ያው ነው፤ አንዲት ጠብታ አልጎደለም። የጎደለው ቁመቱ ብቻ ነው።

«ማንም አልጠጣውም?» አለችኝ።

«ማንም።»

የቢራ ሳጥን ገልብጣ ተቀመጠች። «እኔ እኮ በሰው ፊት ነው የተናገርኳት» አለች። እናቴ ስታለቅስ ድምፅ የላትም፤ ነጠላዋ ጫፉ ሲርስ ነው የሚታወቀው። አዘንኩላት፤ ፈራሁም፤ በዚህ ዕድሜዋ ይህን ያህል ነገር የምትችለው አልመሰለኝም።

ሰኞ ጨለለቅቱ ሄድን። ከሚኒባስ ወርደን እስከ እትዬ ሰፈር ሞተር ነው የሚያደርሰው፤ እናቴ በሕይወቷ ሞተር ላይ ወጥታ አታውቅም፤ ዐይኗን ጨፍና የሾፌሩን ጃኬት ጨምድዳ ስትጸልይ ሾፌሩ «እማማ፣ አንቀውኛል» ይላል። ሌላ ቀን ቢሆን ስንት ወር እስቅባት ነበር። እትዬ ግቢ በር ላይ ስንደርስ እናቴ ከመንገዱ ዳር ድንጋይ አንሥታ ማጅራቷ ላይ አደረገች፤ እንደ ጥንቱ የይቅርታ ወግ። ጎንበስ ብላ ገባች።

እትዬ ጓሮዋ እንሰት ስትፍቅ ነበር። ጠጉሯ ነጥቷል። ቀና ብላ አየችንና መፋቂያው ከእጇ ወደቀ።

«ምን ሆንክ? ድንጋዩን አውርድ» አለቻት እናቴን።

«አላወርድም። በድዬሻለሁ። ማንም አልወሰደውም። አረቄው ራሱ ነው የሚጎድለው። በእጄ ቀላቅዬ፣ በሚዛን ሰፍሬ አይቼዋለሁ።»

እትዬ ወደኔ ዞረች። አስረዳኋት፤ ባቄላውን፣ ጤፉን፣ ሙቀቱን። ሙቀቱ ላይ ስደርስ «አዎ፣ ይሞቃል» አለች። ተነሥታ ድንጋዩን ከእናቴ ጫንቃ ላይ በሁለት እጇ አወረደችው። ተቃቅፈው ይላቀሳሉ ብዬ ስጠብቅ፣ እትዬ ግን ድንጋዩን እንደታቀፈች እዚያው መሬት ላይ ተቀመጠች።

«ማንም?» አለች።

«ማንም» አለቻት እናቴ። «ይቅር በዪኝ።»

«እኔ እኮ አንተን ተቀይሜ አላውቅም» አለች እትዬ። «ሌባ ነበረ መስሎኝ ነዋ። አልኮሉን በእጄ ለክቼ ነው የምወጣው። ጠዋት ጎደለ ትላለህ። እኔ አልወሰድኩም። ከኔ በኋላ ጓዳ የሚገባው ማን ነው? ወንድሜ። ሽማግሌ ፊት አፌን የዘጋሁት ለሱ ነው። ከዚያ ‹ውጣ፣ ዐይንህን አልይ› አልኩት። ለምን እንደሆነ አልነገርኩትም፤ እሱም አልጠየቀኝም። አለመጠየቁን ሳይ፣ አዎ፣ እሱ ነው አልኩ።»

እናቴ አፏን በነጠላዋ ያዘች። ከጎረቤት የቡና ለቃሚዎች ጨዋታ ይሰማ ነበር። ይቅርታ ልንጠይቅ የመጣነው እትዬን ነው፤ ለካ ቂሙ ያለው ሌላ ቦታ ኖሯል።

እትዬ ከመቀነቷ ስልክ አወጣች። ቁጥሩ ከሞያሌ በሚመጣ ሰው እጅ ደርሷት ኖሯል፤ ግን ደውላበት አታውቅም። እኔ ደወልኩላት። ሲያነሣ «ማን ልበል?» አለ፤ ከኋላው የከባድ መኪና ሞተር ይሰማል። እትዬ ስልኩን ወደኔ ገፋችው፤ «አንተ ንገረው» አለችኝ።

የማን ልጅ እንደሆንኩ ነገርኩት። ከዚያ ስለ አረቄው ነገርኩት፤ ውሃና አልኮል እኩል በእኩል ሲገናኙ እንደሚጠጋጉ፣ ድምሩ እንደሚያንስ፣ ማንም ሳይነካው ጀሪካኑ እንደማይሞላ። ከኋላው የነበረው የሞተር ድምፅ እየራቀ ሄደ።

«ውሃውን የምጨምረው እኔ ነበርኩ» አለ በመጨረሻ። «ልኩን ጨምሬ አይሞላም ነበር። እትዬሽ አልኮሉን እየቀነሰች የምታስቀር መሰለኝ። ችግር ቢኖርባት ነው ብዬ ለማንም አልተነፈስኩም። ውጣ ስትለኝም፣ በኔ ይሳበብና እሷ ትዳን ብዬ ነው የወጣሁት።»

እትዬን ቀና ብዬ አየኋት።

«እና እሷም አልወሰደችም?» አለኝ።

«አልወሰደችም» አልኩትና ስልኩን ለእትዬ ሰጠኋት።